ፋኑ ለምን እንደሚዞር

"ስንት ደረሰ?" አለ ባሏ፣ ጭንቅላቱን ከኤሌክትሪክ ሳጥኑ ውስጥ ሳያወጣ።

"ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሁለት።"

"ነጥብ ሁለት? አሁን ነጥብ አንድ አላልሽኝም እንዴ?"

"ብዬሃለሁ። አሁን ደግሞ ነጥብ ሁለት ሆነ። ምን ላድርግህ?"

ሚስቱ ተንበርክካ የስልኳን መብራት በመፈልፈያ ማሽኑ መስታወት ላይ አብርታለች። ላፕቶፗ አጠገቧ፣ በተገለበጠ የፕላስቲክ ሳጥን ላይ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከመስታወቱ ጀርባ በየትሪው ከተደረደሩት ከሁለት ሺህ በላይ ዕንቁላሎች ገሚሶቹ መሰንጠቅ ጀምረዋል። አንዱማ ቅርፊቱን በስቶ የምንቃሩን ጫፍ አውጥቷል። በዚህ ጊዜ ሙቀቱ ሠላሳ ሰባት አካባቢ መሆን ነበረበት። ሠላሳ ዘጠኝን ካለፈ ጫጩቶቹ እዚያው ቅርፊታቸው ውስጥ ያልቃሉ። በሩን ከፍቶ ማናፈስ ደግሞ አይቻልም፤ እርጥበቱ ይወጣና ከቅርፊቱ ስር ያለው ስስ ሽፋን ደርቆ ጫጩቱ ላይ ይጣበቃል፣ ልውጣ ቢልም መውጣት አይችልም። ሙቀቱን በልኩ የሚያስወጣው ከማሽኑ ጀርባ ያለው ትልቁ ማራገቢያ ፋን ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ዛሬ ጸጥ ብሏል።

"ያንቺ ኮምፒውተር 'ዙር' ብሎታል ወይ? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

"ብሎታል እንጂ! ጠዋት የነካሁት ወሬውን ብቻ ነው አልኩህ እኮ። ከኮዱ አንዲት ፊደል አልነካሁም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ልማልልህ እንዴ?"

"ተዪው በቃ። እንግዲያው ችግሩ ከኔ ሽቦ ነው" አለና ካቻቢቴውን ይዞ ወደ ሳጥኑ ተመልሶ ገባ።

ይህ "ወሬው" የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ካልተነገረ ጭንቀቷ አይገባም። ሴትዮዋ እስካለፈው ዓመት ድረስ የቢሮ ሠራተኛ ነበረች። ቢሮው ውስጥ አንድ ትልቅ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር፤ የሠራው ሰው ጥሎት ከሄደ ወዲህ ለማንም አይገባም። ይህች መስመር ለምን ገባች? አይታወቅም። ብናወጣትስ ምን ይመጣል? እሱም አይታወቅም። ጠዋት ማታ የሚሰማው "እባክሽ አትንኪው፣ እየሠራ ነው" ብቻ ነበር። የማይገባትን ነገር እየፈራች መነካካት አንገፈገፋት። ባሏ "ነይ የእናቴን መፈልፈያ በኮምፒውተር እናድርገው፣ ሽቦውን እኔ፣ ፕሮግራሙን አንቺ" ሲላት ዓይኗን ሳታሽ ሥራዋን ለቀቀች። ያን ዕለት ለራሷ አንድ ቃል ገባች፤ ምክንያቱ ያልተጻፈለት ኮድ ከእጄ አይወጣም።

እንዲህ የሚሠሩ ሰዎች እንዳሉ አንብባ ነበር። በነሱ አሠራር መጀመሪያ የሚጻፈው ለሰው ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ፣ ለምን እንዲህ እንደተደረገ፣ ለጎረቤት እንደሚያስረዱ ተደርጎ በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል። ኮዱ በየመሃሉ ቁራሽ ቁራሽ እየሆነ ይገባል። ከዚያ ኤዲተሩን፣ ማለትም መጻፊያ ፕሮግራሙን፣ አንድ ትእዛዝ ሲሰጡት ኮዱን ብቻ ከጽሑፉ መሃል መዝዞ ሌላ ፋይል ላይ ይጽፈዋል። ሰው ሰነዱን ያነባል፣ ማሽኑ ያንን ፋይል ያነባል። ሲያወሩት እንዴት ቀላል ነው! እሷ ግን በጀመረች ሰሞን አበሳዋን ነው ያየችው። ኤዲተሩ ቁልፍ በተነካ ቁጥር የራሱን ሥራ ይሠራል። አንድ ቀን ሳታስበው የሆነ ቁልፍ ነክታ የጻፈችው ሁሉ ታጥፎ አርእስቶቹ ብቻ ሲቀሩ "ጠፋብኝ!" ብላ ስትጮህ፣ ባሏ ቆርቆሮ ከሚመታበት ጣራ ላይ በሩጫ ወርዶ መጣ። የጠፋ ነገር እንደሌለ፣ የተጻፈው ታጥፎ ብቻ እንደሆነ ሲገባው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስሟ "ደራሲዋ" ሆነ፤ ለሰው የምትጽፈው ክፍል ደግሞ "ወሬው"።

ወሬው ግን ለመዳት። ለምን እንደሆነ መጻፍ ሲያቅታት ያልገባት ነገር እንዳለ ታውቃለች፤ ያኔ ተነስታ አማቷን ትጠይቃለች። አማቷ የመፈልፈያው ባለቤት ናቸው። ደንበኞቹ "እማማ" ይሏቸዋል፣ እሷም እማማ ትላቸዋለች። ዕድሜያቸውን በሙሉ ጫጩት ያስፈለፈሉት ከማሽኑ ጎን በተሰቀለ የብረት መቆጣጠሪያ ሳጥን ሙቀቱን እየጠበቁ ነው። ኮምፒውተሩ የገባ ሰሞን መነጽራቸውን አድርገው ከጎኗ ተቀመጡና የተጻፈውን ሲያዩ ቆዩ።

"ይሄን ሁሉ ለማሽኑ ነው የምትጽፊለት?"

"አይ እማማ፣ ይሄ ለሰው ነው። ማሽኑ የራሱን ድርሻ መዝዞ ይወስዳል።"

"ታዲያ ሰውዬው የታለ?" ብለው ዙሪያውን ተመለከቱ።

ተሳሳቁ። ሳቁ ካለቀ በኋላ ግን እማማ መነጽራቸውን አወለቁና ረጋ ብለው አንድ ነገር ነገሯት። "አንድ ዙር ዕንቁላል ያበላሸ ቀን ኮምፒውተርሽን ይዘሽ ወደ ቢሮሽ ትመለሻለሽ፤ እኔም ሳጥኔን መልሼ እሰቅላለሁ። ከአሁኑ እንድታውቂው ነው፣ እንዳትቀየሚኝ" አሏት። እሷም አልተቀየመችም። ችግሩ የምትመለስበት ቢሮ የለም። ቦታዋ በሌላ ሰው ተይዟል፤ ደግሞም እንዲህ ደስ ብሏት ሠርታ አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ያደረገችውን አሁን ተንበርክካ እንዳለች በሐሳቧ እየደጋገመች ታየዋለች። ሰነዱን ከፈተች። ስለ እርጥበት የጻፈችው አንቀጽ ተንዛዝቶባት አሳጠረችው፣ የፊደል ግድፈት አረመች። የመምዘዣ ትእዛዙን ሰጠች፣ ፋይሉ ተጻፈ፣ ማሽኑ አነበበው። ልብስ ልታሰጣ ወጣች። ስትመለስ ይኸው።

በሩ ተበረገደ። እማማ የታጠቡ ትሪዎች ታቅፈው ገቡ። ልጃቸው በደረቱ ተኝቷል፣ ምራታቸው መስታወቱ ስር ተንበርክካለች።

"ምን ሆናችሁ?"

"ምንም አልሆንን እማዬ።"

"ምንም ሳትሆን ነው እንደ እባብ በደረትህ የተኛኸው? ስንት ነው ሙቀቱ?"

ትሪዎቹን አስቀምጠው ራሳቸው ወደ መስታወቱ ጎንበስ አሉ። "ሠላሳ ስምንት ነጥብ አምስት! ኧረ በሕግ! ልጆቼን ቀቀላችኋቸው እኮ!"

"ፋኑ አልዞር ብሎ ነው እማማ። እያየነው ነው።"

"ትናንት ደህና ሲዞር አልነበረም እንዴ?"

"ነበር።"

"ታዲያ ከትናንት ወዲህ ማነው ምን የነካ?"

ባልና ሚስት ተያዩ። "እኔ ምንም አልነካሁም" አለ ባል ከሳጥኑ ውስጥ።

"እኔ... ጽሑፉን ብቻ ነው እማማ። ቃላት ነው ያስተካከልኩት። ማሽኑ ቃላቱን ጭራሽ አያያቸውም።"

"አያያቸውም?"

"አያያቸውም።"

እማማ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው ትሪዎቹን መደርደር ጀመሩ። ደራሲዋ ይህን አኳኋናቸውን ታውቀዋለች። ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ቁጣቸው ቶሎ ይወጣላቸዋል። ሲያስቡ ግን አንዳች ነገር ወስነው ነው የሚነሱት። መስታወቱ ውስጥ ቅድም ምንቃሩን ያወጣው ጫጩት መንቀሳቀሱን ትቷል። ደክሞት ይሁን ሞቶ አልለየችም፣ መብራቱን ወደሱ ለማድረግም ፈራች።

"ቆይ፣ በእጅ ልሞክረው" አለ ባሏ ድንገት ተነስቶ። ከማሽኑ ጎን ማሽኑ ሲታጠብ እንዲጠቅም ራሱ የገጠመው አንድ ስዊች አለ። ወደ ታች ሲሆን ፋኑን የሚያዝዘው ፕሮግራሙ ነው፤ ወደ ላይ ሲሆን ፋኑ ያለማንም ትእዛዝ ይዞራል። ወደ ላይ ገፋው። ፋኑ አጓራ፣ ግድግዳው ላይ የተለጠፈው የቀን መቁጠሪያ ተርገበገበ።

"ተመስገን!" አሉ እማማ ደረታቸውን ይዘው።

ደራሲዋ ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። ፋኑ ከዞረ ፋኑ ደህና ነው፣ ሽቦውም ደህና ነው። የቀረው "ዙር" የሚለው ትእዛዝ ነው። ባሏም ይህ ስለገባው እናቱን ሳያይ እሷን አያት።

ሙቀቱ መውረድ ጀመረ። ከሠላሳ ስምንት በታች ሲገባ ሁሉም ተነፈሱ፤ ግን ፋኑ ዝም ተብሎ ከተለቀቀ እርጥበቱን ጠራርጎ ያወጣዋል። ሠላሳ ሰባት ላይ ማጥፋት፣ ሲያልፍ ማብራት፣ እንደገና ማጥፋት ያስፈልጋል። ዕንቁላሎቹ ተፈልፍለው እስኪያልቁ ደግሞ ገና ነገም አለ። ማን ያን ሁሉ ሰዓት ስዊች ይዞ ይቀመጣል?

"ወዲያ በል" አሉ እማማ ልጃቸውን፣ በርጩማ ጎትተው ስዊቹ ስር እየተቀመጡ። "አንተ ቴርሞሜትሩን እያየህ ጥራልኝ። አንቺ የሆነውን ፈልጊ።"

"እሺ እማማ።"

ላፕቶፑን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ማሽኑ የሚያነበውን ፋይል ከፈተች። ፋኑ የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ ፈለገች። በየጊዜው ለአፍታ አየር የሚቀይርበት አለ። የመፈልፈያው ቀን ሲደርስ የሚዞርበት ግን የለም። ደግማ ፈለገች። የለም። "እንዴ!" አለች ጮክ ብላ።

"ምን አገኘሽ?" አሉ እማማ።

"ቆይ እማማ፣ ገና ነኝ።"

ኤዲተሩ በአንድ ፋይል ላይ ሲጽፍበት የቀድሞውን ቅጂ ያስቀራል። እሱን ከፍታ ሁለቱን ጎን ለጎን አደረገቻቸው። በቀድሞው ላይ ጥቂት መስመሮች ትርፍ አሉ። የፋኑ ትእዛዝ! አጻጻፉ የራሷ ነው። ይህን የት ነው የጻፍኩት ብላ አሰበችና ትዝ ሲላት መሬት ተከፍታ ብትውጣት ወደደች።

ያለፈው ዙር ጊዜ እህቷ ምጥ ላይ ነበረች። ደራሲዋ የሆስፒታሉ ኮሪደር ውስጥ ወንበር ላይ ሳለች ስልኳ ጠራ፤ ባሏ ነው። ጫጩቶቹ ሊወጡ ሲሉ ራሳቸው ሙቀት ስለሚያወጡ ማሽኑ ከልክ በላይ እየሞቀ ነው፣ ፋኑ ካልዞረ አለቀልን አላት። ላፕቶፗን ከቦርሳዋ አውጥታ በስልኳ ኢንተርኔት ከማሽኑ ጋር አገናኘችው። በአንድ ጆሮዋ የእህቷን ጩኸት በሌላው የባሏን ጩኸት እየሰማች እነዚያን መስመሮች ማሽኑ በሚያነበው ፋይል ላይ በቀጥታ ጻፈቻቸው። ሰነዱ ላይ ቤት ስገባ እጽፈዋለሁ አለች። ከዚያ ነርሷ ብቅ ብላ "ሴት ናት" አለች። ማልቀስ መጣ፣ መሳሳም መጣ፣ ሰነዱ ተረሳ። ጫጩቶቹም በሰላም ወጡ። ከዚያ ወዲህ ለመንካት የሚያበቃ ነገር ስላልነበር ትእዛዙን ደግማ አልሰጠችውም፣ እስከ ዛሬ ጠዋት። ኤዲተሩ ሲመዝዝ ማንንም አይጠይቅም። ሰነዱ ላይ ያለውን አምጥቶ የነበረውን ይደመስሰዋል። "ቃላቱን ብቻ ነው የነካሁት" ያለችው ሁሉ እውነት ነበር፤ ያንገበገባትም ይሄው ነው።

ባሏ ቴርሞሜትሩን የሚያይ መስሎ ወደ እሷ ጠጋ አለ። "አገኘሽው?"

"ከኔ ነው" አለች በሹክሹክታ። ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳየችው። ኮዱ ባይገባውም አንዱ ረጅም አንዱ አጭር መሆኑ ገባው።

"የሆስፒታሉ ነው?"

ራሷን ነቅንቃ አዎ አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

"ስሚኝ። ሽቦ ነው እላታለሁ። ላልቶ ነበር፣ አጠበቅኩት። እኔን ብትሰድበኝ ለምጄዋለሁ፤ አንቺን ግን... እናቴን ታውቂያታለሽ አይደል። አሁን እነዚያን መስመሮች እዛው ማሽኑ ላይ ጻፊያቸው፣ በቃ።"

"ምንድነው የምትንሾካሾኩት?" አሉ እማማ። "ቴርሞሜትሩን ማነው የሚያየው?"

"ሠላሳ ሰባት ነጥብ ሁለት! አብሪው እማዬ!" ፋኑ አጓራ። ባልየው በፋኑ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ "አገኘነው! ሽቦ ነው! ላልቶ ነው!" አለ።

"እኔስ ምን አልኩ!" እማማ ስዊቹን እንደያዙ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "አንተ መቼ ነው የጀመርከውን ጠበቅ አድርገህ የምትጨርሰው? ሚስት እስክታገባ የጫማህን ክር ያሰርኩልህ እኔ አይደለሁም? አፈር አስበላኸኝ እኮ!"

"ልክ ነሽ እማዬ።"

"ልክ ነኝ ይለኛል ደግሞ!" ከዚያ ፊታቸው ለዘብ አለና ወደ ምራታቸው ዘወር አሉ። "አይዞሽ ልጄ። ያንቺን ኮምፒውተር ነበር የጠረጠርኩት። በሆዴ ስረግመው ነበር፣ ይቅር በይኝ።"

ደራሲዋን ቢቆጧት ኖሮ ዝም ለማለት ባልከበዳት፤ "አይዞሽ" ማለታቸው ግን አሳፈራት። ዓይኗን ስክሪኑ ላይ ተክላ ሰነዱን ከፈተች።

"ነጥብ ዜሮ! አጥፊ!" አለ ባሏ። ፋኑ ቆመ። ጎንበስ ብሎ "እዛው ማሽኑ ላይ ነው ያልኩሽ እኮ። ምን ሰነድ ትከፍቻለሽ?" አላት።

"እዛው ማሽኑ ላይ ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት።"

ስለ መፈልፈያ ቀን የጻፈችውን ክፍል አግኝታ መስመሮቹን ከድሮው ቅጂ አምጥታ አስገባቻቸው። ከላያቸው ባዶ ቦታ ተወች። የምክንያቱ ቦታ ነው። ጻፈች፦ ሊወጡ ሲሉ ጫጩቶቹ ራሳቸው ሙቀት ያወጣሉ። ስለዚህ በመፈልፈያው ቀናት ሙቀቱ ሠላሳ ሰባትን ሲያልፍ ፋኑ ይዞራል፣ ሲመለስ ይቆማል። ጥሩ ነው፤ ለፋኑ በቂ ምክንያት ነው።

"በቃ፣ ይበቃል" አለ ባሏ በትከሻዋ ላይ እያነበበ። "ላኪው።"

ጣቷ የመምዘዣው ትእዛዝ ላይ ሆኖ ቆመ። እውነት ነው፣ ለማሽኑ ይበቃል። ነገ ግን አንድ ሰው፣ ምናልባት ራሷ፣ ይህን አንብቦ ሁልጊዜም እዚህ የነበረ ይመስለዋል። ዛሬ ሁለት ሺህ ዕንቁላል ሊያልቅ እንደነበር፣ በምን ምክንያት እንደነበርም አያውቅም። እማማም ሽቦ መሆኑን ይዘው ይኖራሉ፤ ባሏ በየበዓሉና በየእንግዳው ፊት ስለላላ ሽቦ ይሰደባል። እሷ ደግሞ አጠገባቸው ተቀምጣ ፈገግ ትላለች።

"እማማ" አለች ሳታስበው ጮክ ብላ። "ሽቦው አይደለም።"

ባሏ አሳለ። "ሚስቴ ሽቦውን የምትለው..."

"ሽቦው ደህና ነው እማማ። እኔ ነኝ።"

እማማ አልዞሩም። እጃቸው ስዊቹ ላይ ነው፣ ዓይናቸው ግድግዳው ላይ። "ቃላት ብቻ ነው የነካሁት አላልሽኝም?"

"ቃላት ብቻ ነው የነካሁት። ግን ያለፈው ዙር ጊዜ፣ እህቴ የወለደች ቀን፣ ፋኑን እንዲዞር ያዘዝኩት ማሽኑ ላይ ብቻ ነው። እዚህ ሰነዱ ላይ አልጻፍኩትም፣ ረሳሁት። ዛሬ ሰነዱ ያለውን ሲያወጣ ማሽኑ ላይ የነበረውን ደመሰሰው። ሰነዱ ያልተነገረውን ከየት ያመጣዋል?"

"ነጥብ ሦስት!" አለ ባል። እማማ ስዊቹን ገፉት። ፋኑ እያጓራ እናት ልጃቸውን ከእግር እስከ ራሱ አዩት።

"አንተስ? ዋሸኸኝ?"

"ዋሸሁሽ እማዬ።"

"ቆይ አንተን! እኔ ደግሞ የጫማ ክር ድረስ ሄድኩ!" ፊታቸውን ወደ ምራታቸው መለሱ። "እስቲ የጻፍሽውን አንብቢልኝ።"

"ገና አልጨረስኩትም።"

"ጨርሺውና አንብቢልኝ። እኔ እዚሁ ነኝ።"

ጻፈች። ሁለት ጊዜ አጥፍታ ጀመረች፤ "ረስቼው" ከሚለው ይልቅ "ተረስቶ" ብትል ቀለል የሚል መስሏት ነበር፣ መልሳ አጠፋችው። ከዚያ ድምፅዋን አጠራችና አነበበች። "ይህን ትእዛዝ ከዚህ በፊት ማሽኑ ላይ ብቻ ጽፌው እዚህ መጻፍ ረስቼ ነበር። ሰነዱ ሲመዘዝ ጠፋ፣ ፋኑ ቆመ፣ ሙቀቱ ወደ ሠላሳ ዘጠኝ ተጠጋ። እማማ ስዊቹን በእጃቸው ይዘው ነው ዕንቁላሎቹ የቆዩት።"

"ነጥብ ዜሮ" አለ ባል ቀስ ብሎ። እማማ ስዊቹን መለሱት፣ ክፍሉ ጸጥ አለ። ከማሽኑ ውስጥ የጫጩቶቹ ድምፅ ተሰማ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ስንቱ እንደተረፈ የሚታወቀው ነገ ነው። ሴትዮዋ "ኮምፒውተርሽን ይዘሽ" የሚለውን ትጠብቅ ጀመር።

"ነገስ?" አሉ እማማ።

"እ?"

"ነገ ደግሞ ስልክ ቢመጣብሽስ? ተቻኩለሽ ማሽኑ ላይ ብቻ ጽፈሽ ብትረሺውስ? እህትሽ ደግማ ብትወልድስ?"

"አትረሳም እማዬ" አለ ባል።

"አንተን ማን ጠየቀህ?"

ሁለተኛ አይለምደኝም ልትል አፏን ከፈተች። ግን ይህን ቃል ቢሮውን ስትለቅም ለራሷ ገብታዋለች፤ ኮሪደሩ ላይም ቤት ስገባ ብላለች። ስለዚህ ሰነዱ ራስ ላይ ወጥታ አንድ መስመር ጨመረች፤ የሚወጣው ፋይል ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ የማይከፈት እንዲሆን። ትእዛዙን ሰጠች። ፋይሉ ተጻፈ፣ ተቆለፈ፣ ማሽኑ አነበበው። ላፕቶፑን አንስታ ሄዳ እማማ ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"ይሄ ማሽኑ የሚያነበው ፋይል ነው። የፈለጉትን ይጻፉበት።"

"እኔ?"

"ይሞክሩት።"

እማማ ቀኝ እጃቸውን ስዊቹ ላይ እንደያዙ በግራ ጠቋሚ ጣታቸው አንድ ቁልፍ ተጫኑ። ምንም አልተጻፈም። በርትተው ተጫኑ። "አልጽፍም አለኝ።"

"ለእኔም አይጽፍልኝም። ፋኑን መንካት የፈለገ ሰው መጀመሪያ ሰነዱ ላይ ነው የሚጽፈው።"

"ቁልፉስ? መክፈቻ የሌለው ቁልፍ የለም መቼም። ማን ጋ ነው?"

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነበር፣ እማማም ያውቁታል። መክፈቻው የማሽኑ የይለፍ ቃል ነው። የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ ስትቸኩል አስገብታው እንደ ኮሪደሩ ቀን እንደልቧ ልትጽፍ ትችላለች። ባሏን አየችው። ትከሻውን ነቀነቀ፣ እንደፈለግሽ ማለቱ ነው። ጎንበስ ብላ ሁለት ቁልፍ ተጫነች፣ ስክሪኑ ላይ ባዶ ሳጥን መጣ።

"አዲስ የይለፍ ቃል እዚህ ያስገቡ፣ እርስዎ ብቻ የሚያውቁት። ያለ እርስዎ አልከፍተውም" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "አላይም።"

"በአንድ እጅ አይሆንልኝም" አሉ እማማ። ከዚያ በርጩማው ሲንቋቋ ሰማች፤ ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ቁልፎቹ አምጥተዋል ማለት ነው። ስዊቹ ወደ ታች እንደሆነ ነው፣ ማንም አልያዘውም። ባሏ ቁጥሩን መጥራት አቆመ፣ ምን እንደታየው አልነገራትም። ከጀርባዋ እማማ አንድ ቁልፍ ይጫናሉ፣ ያስባሉ፣ ደግሞ ይጫናሉ። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

ፋኑ አጓራ። ልትዞር ስትል የእማማ ድምፅ ያዛት።

"እንዳታዪ፣ ገና አልጨረስኩም።"